ቆሞ የከረመ ሞተር

ተከዜ ከኢትዮጵያ ሲወጣ ስሙን ለውጦ ሰቲት ይባላል። ሰቲት ወደ ሱዳን በሚገባበት፣ የኢትዮጵያ፣ የኤርትራና የሱዳን ወሰን በሚቀራረብበት ማዕዘን ላይ ሐምዳይት ትገኛለች። ከዚያ እስከ ገዳሪፍ ያለው ምድር አብዛኛው ጥቁር ዋልካ ነው። በበጋ ደርቆ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጎማ ይውጣል፣ ጫማ ያስወልቃል። ማሽላና ሰሊጥ የሚያበቅለው ይህ ለም አፈር ለመኪና አይራራም። ከአስፓልት በራቀ መንደር የሚኖር ባለመኪና ከሰኔ እስከ መስከረም መኪናውን ከዛፍ ሥር አቁሞ መንገዱ እስኪደርቅ ይጠብቃል፤ ይህ በአካባቢው የቆየ ልማድ ነው።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ግን መኪና የሚያቆመው ዝናብ ብቻ አልሆነም። በዚያ ዓመት በጥቅምት ወር ማብቂያ በትግራይ ጦርነት ሲነሣ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ60,000 በላይ ሰዎች ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሻገሩ፤ ብዙዎቹም የገቡት በሐምዳይት በኩል ነበር። አብዛኛው ሰው በእግሩ መጥቶ ወንዙን በጀልባ ተሻገረ። በትራክተር፣ በሞተር ሳይክልና በመኪና ከድንበሩ የደረሱም ነበሩ። ሰዎቹ ወደ ቱናይድባና ወደ ኡም ራኩባ መጠለያዎች ሲወሰዱ (ኡም ራኩባ በ1970ዎቹም ከረኀብ የሸሹ ኢትዮጵያውያንን ያስጠለለች ስፍራ ናት) መኪናውን ካገኘው ግቢ አቁሞ የሄደ ሰው አለ። «ለጥቂት ሳምንት ነው» ተብሎ የቆመው መኪና አንድ ክረምት አለፈበት፤ ከዚያም ሌላ ክረምት ተደገመ።

እንዲህ ከርሞ የሚቀሰቀስ መኪና ጨርሶ አልነሣም ቢል ነገሩ ይቀላል፤ ባትሪው አልቋል ወይም ነዳጅ አይደርሰውም ተብሎ ይፈለጋል። የሚያስቸግረው ተነሥቶ የሚንቀጠቀጠው ነው። ነዳጅ ሲሰጡት ይጮኻል፣ ይሄዳልም፤ እግር ሲነሣለት ግን እንደ ወባ በሽተኛ ይርገፈገፋል፣ አንዳንዴም ትን ብሎት ይጠፋል። ባለቤቱ «ይሠራል» ይላል፤ ሊገዛ የመጣው ሰው «ሊሞት ነው» ይላል። ከቤት ንብረቱ ድንበር ተሻግሮ የቀረለት ያ መኪና ብቻ ለሆነ ሰው፣ የቤተሰቡ ጥሪት በእነዚህ ሁለት ቃላት መካከል ተንጠልጥሏል።

ሞተር ሕመሙን በዝቅተኛው ዙር ላይ የሚናገርበት ምክንያት አለው። መካኒኮች ይህን ዙር ሚኒሞ ይሉታል፤ መኪናው ቆሞ፣ እግር ከነዳጅ መስጫው ተነሥቶ፣ ሞተሩ ራሱን ብቻ ይዞ የሚዞርበት ዙር ነው። በብዙ መኪናዎች በደቂቃ ከ600 እስከ 900 ይሆናል። 750 ነው ብንል፣ ባለአራት ሲሊንደር ሞተር በሴኮንድ 25 ጊዜ እሳት ይጭራል ማለት ነው። ዙሩ 3,000 ሲደርስ ቁጥሩ 100 ይሆናል። በፍጥነት ጊዜ አንዱ ጭረት ቢከሽፍ ቮላኖ የሚባለው ከባድ ክብ ብረት በያዘው ጉልበት ያሳልፈዋል፤ ነጂውም ሳይሰማው ይቀራል። በሚኒሞ ግን ሞተሩ የሚተርፍ ጉልበት የለውም። የሚገባለት አየርና ነዳጅም እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ጥቂት ጉድለት ትልቅ ጉድለት ይሆንበታል። ሲሮጥ ደኅና የሚመስል፣ ሲቆም የሚንቀጠቀጥ ሞተር እንግዲህ አመለኛ አይደለም፤ ያለበትን እየተናገረ ነው።

በዚያ አካባቢ ከቆሙት መኪናዎች አንዱ ቤንዚን የሚጠጣ፣ ባለካርቡሬተር የሆነ የድሮ ቶዮታ ሂሉክስ ነበር። ባለቤቱ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለ ሰው ነው፤ ሚስቱንና ልጆቹን ጭኖበት መጥቶ በአንድ ወዳጅ ግቢ ሁለት ክረምት አቆመው። ሲያስነሣው በኃይል ተንቀጠቀጠ፤ ነጭ ጭስም ተፋ። አንድ ጠጋኝ ቴስታታው ካልተከፈተ አይድንም አለ። ለመግዛት የጠየቀ ሰው ይህን ሰምቶ ዋጋውን ቀነሰ። ባለቤቱ ለመሸጥ ቢያመነታም፣ ሚስቱ አልተስማማችም፤ እሷ መኪናውን የመመለሻ መንገድ አድርጋ ነበር የምታየው። በመጨረሻ በገዳሪፍ ብዙ ዓመት የኖሩ፣ ስልሳውን ያለፉ አንድ ኢትዮጵያዊ መካኒክ ተለምነው መጡ።

«ጋሼ፣ ካርቡሬተሩ የሞተ መሰለኝ። አዲስ ልግዛለት?» አላቸው ባለቤቱ።

«ቆይ ልጄ፣ አትቸኩል። መጀመሪያ የጠጣውን እንይ» አሉና ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍቱ ይጠይቁት ጀመር። ሲያቆመው እንዴት ነበር? በቋቱ ውስጥ ምን ያህል ነዳጅ ቀርቶ ነበር? ከቆመ በኋላ ምን ተጨመረበት?

የሚበልጠውን ነገር ያወጣው ሦስተኛው ጥያቄ ነው። የባለቤቱ የእኅት ልጅ ጀሪካን ይዞ አምስት ሊትር ገዝቶ ነበር። ሻጩ «ጃዞሊን?» ብሎ ሲጠይቀው፣ ልጁ በትምህርት ቤት የተማረውን እንግሊዝኛ አስታውሶ «አዎ» አለ።

እዚህ ላይ ቋንቋ ራሱ ሞተር ውስጥ ገብቷል። ጋዞሊን በአሜሪካውያን አፍ ቤንዚን ነው። በሱዳን ግን ጃዞሊን የሚባለው ናፍጣ ነው። አማርኛ ተናጋሪው ደግሞ ጋዝ ሲል ብዙ ጊዜ ላምባ፣ ማለትም ነጭ ጋዝ ማለቱ ነው። አንድ ዘር ያለው ቃል በሦስት አፍ ሦስት ነዳጅ ሆነ። የሚገርመው፣ «ቤንዚን» የሚለው ቃል በድንበሩ ወዲህም ወዲያም አንድ መሆኑ ነው፤ ልጁ የአገሩን ቃል ቢናገር ኖሮ ሻጩ በትክክል ይሰማው ነበር።

በድንበሩ አካባቢ እንዲህ ያለ መሳሳት ብርቅ አይደለም። የኢትዮጵያ መካኒክ ካንዴላ፣ ሞተሪኖ፣ ቴስታታ፣ ፍሪሲዮን ሲል ከጣሊያን በተረፈ ቃል ይናገራል። ሱዳናዊው ካንዴላን ቡጂ የሚለው ከፈረንሳይኛ በመጣ ቃል ነው። ፓምፕን ጡሉምባ ይለዋል፤ የነዳጅ ማደያውንም እንደዚሁ። አዲስ የመጣ ኢትዮጵያዊ «ጡሉምባው ተበላሽቷል» ሲባል ስለ መኪናው ጥሩምባ የሚነገረው መስሎት ቢከራከር አይፈረድበትም። መለዋወጫ የሚገዛ ሰው ስሙን ከማስታወስ ይልቅ አሮጌውን ዕቃ በእጁ ይዞ ቢሄድ ይሻለዋል።

መካኒኩ ከቋቱ ሥር ያለውን ብሎን ፈትተው ጥቂት ነዳጅ በብርጭቆ ጠርሙስ ቀዱ። በነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ጣሉ። ንጹሕ ቤንዚን በቶሎ ተንኖ እምብዛም ምልክት አይተውም፤ ይህኛው የቅባት ክብ ሠርቶ ቀረ። ናፍጣ ነበረበት። ጠርሙሱ ለጥቂት ጊዜ ሲቀመጥ ደግሞ ከሥሩ ጥርት ያለ ሌላ ፈሳሽ ተኛ፤ እሱ ውኃ ነበር። ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከታች ይቀመጣል፤ ፓምፑ የሚስበውም ከታች ነው። ቋቱ ግማሽ ባዶ ሆኖ ሲከርም በውስጡ ያለው አየር ቀን እየሞቀ ሌሊት እየቀዘቀዘ ጤዛ ያረግዛል፤ ጤዛው በግድግዳው እየወረደ ይጠራቀማል። ከላይ ያለው አሮጌ ቤንዚን ጠቁሮ ነበር፤ ሽታውም እንደ ቀለምና ቫርኒሽ ሆኖ ነበር። ቤንዚን ሲከርም ቀላሉ፣ ቶሎ የሚቀጣጠለው ክፍሉ ይተናል፤ የቀረው ከአየር ጋር እየተዋሐደ ሙጫ ይሆናል። በገዳሪፍ ሙቀት ይህ ለመፈጸም ብዙ ወራት አያስፈልገውም።

ቋቱ ተራግፎ ታጠበ፤ የነዳጅ ማጣሪያው ተለወጠ፤ ንጹሕ ቤንዚን ገባ። ጭሱ ጠፋ። መንቀጥቀጡ ግን ቀነሰ እንጂ አልተወም። ባለቤቱ ዓይኑ እንደገና ወደ ቴስታታው ሄደ።

መካኒኩ ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ የሚሳበውን የአየር መዝጊያ በጥቂቱ ሳብ አደረጉት። ሞተሩ ወዲያው ሰከን አለ። መለስ ሲያደርጉት ተንቀጠቀጠ። ይህ ብዙ ሰው የሚንቀው፣ ምንም ገንዘብ የማያስወጣ ፈተና ነው። አየር ሲቀነስለት የሚሻለው ሞተር አየር በዝቶበታል ወይም ነዳጅ አንሶታል ማለት ነው። ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ መድኃኒታቸው ግን የተለያየ ነው።

መጀመሪያ የነዳጁን ወገን ፈተሹ። በካርቡሬተሩ ውስጥ ሚኒሞን ብቻ የምትመግብ ቀዳዳዋ ከመርፌ የማይሰፋ የናስ ብሎን አለች። የቤንዚን ሙጫ ከሁሉ አስቀድሞ የሚደፍነው እሷን ነው፤ ትልልቆቹ ቀዳዳዎች ክፍት ስለሚሆኑ መኪናው ሲሮጥ አይታወቅም። ብሎኗ ተፈትታ ወደ ፀሐይ ስትያዝ ብርሃን አላሳለፈችም። ልጁ ቀጭን ሽቦ አምጥቶ ሊወጋት ሲል፣ «ተው፣ አትንካት!» አሉት። በሽቦ የተወጋች ቀዳዳ ትሰፋለች፤ ከሰፋች መለኪያነቷ ያበቃል። በሟሟት ተዘፍዝፋ ከቆየች በኋላ በጎማ መንፊያ አየር ተነፋባት፤ ብርሃንም አሳለፈች።

አሁንም ሞተሩ ተሻለው እንጂ አልዳነም። መንቀጥቀጡ ግን ጠባዩን ለወጠ፤ ቀድሞ ሁሉም አካሉ ይርገፈገፍ የነበረው፣ አሁን እየቆጠረ አንድ እግሩን የሚያነክስ ሰው መሰለ። አራቱም ሲሊንደሮች አይደሉም፣ አንዱ ነው ማለት ነው። ሽማግሌው ሞተሩ እየሠራ፣ በወፍራም ጎማ በተጠቀለለ ፒንሳ የካንዴላዎቹን ሽቦዎች አንድ በአንድ እያነሡ መለሱ። የሚሠራ ሲሊንደር ሽቦው ሲነሣበት ሞተሩ ይወድቃል። ሦስተኛው ሲነሣ ግን ምንም ለውጥ አልተሰማም፤ አስቀድሞም አልሠራም ነበርና። (ይህ በአሮጌ መኪና የሚደረግ ነው፤ እሳቱ ብርቱ ስለሆነ በባዶ እጅ አይሞከርም። በአዲሶቹ መኪናዎች ላይም አይደረግም፤ የእሳት ማመንጫውን ያቃጥላል።)

ባለቤቱ «እንግዲያው አራት ካንዴላ እንግዛ» አለ። እሳቸው የሦስተኛውን ካንዴላ ፈትተው ከአንደኛው ጋር አለዋወጡት። ካንዴላው ጥፋተኛ ቢሆን ኖሮ ሕመሙ ወደ አንደኛው በሄደ ነበር። አልሄደም። ከሦስተኛው ጋር ቀረ። በዚህ በአምስት ደቂቃ ሥራ የአራት ካንዴላ ዋጋ ዳነ።

ከዚያ የሳሙና ውኃ አስመጡ። አንዳንድ መካኒኮች በዚህ ጊዜ ቤንዚን ይረጫሉ፤ በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን መርጨት ግን መኪናውንም ሰውየውንም ማቃጠል ነው። ሳሙናውን በአየር ማስገቢያው ቧንቧ መጋጠሚያዎችና በጎማ ቱቦዎቹ ላይ ጥቂት በጥቂት አፈሰሱ። ከሦስተኛው ሲሊንደር አጠገብ ከሚነሣ ወፍራም ቱቦ ሥር ሲደርሱ አረፋው ወደ ውስጥ ተሳበ፤ የሞተሩም ድምፅ ተለወጠ። ቱቦው ከአንገቱ ላይ በሙቀት ደርቆ ተሰንጥቆ ነበር፤ አይጥም የነካው ይመስላል። ካርቡሬተሩ ያልለካው አየር በዚያ እየገባ ለሦስተኛው ሲሊንደር የሚደርሰውን ነዳጅ ያሳሳበት ነበር።

ይህ ቱቦ የፍሬን ቱቦ ነው። ሞተሩ የሚስበውን ኃይል ወደ ፍሬን ማገዣው ያደርሳል፤ ነጂው ፍሬን ሲይዝ እግሩ የሚቀልለው በእሱ ነው። ቱቦው ጨርሶ ሲቀደድ ፍሬኑ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ መኪናው አይቆምም ማለት ባይሆንም፣ ሰውና ዕቃ ጭኖ ቁልቁለት ለወረደ ነጂ ልዩነቱ ብዙ አይደለም። ሊሸጥ የቀረበ መኪና ሲንቀጠቀጥ ብዙ ሰው የሚያደርገው ምንድን ነው? የሚኒሞውን ብሎን ጠበቅ አድርጎ ዙሩን ከፍ ማድረግ ነው። ሞተሩ ይጮኻል፣ መንቀጥቀጡም ይደበቃል፤ ገዢው ይከፍላል። በዚህ መኪና ላይ እንዲህ ቢደረግ ኖሮ የሚደበቀው የሞተሩ ሕመም ብቻ ሳይሆን ስለ ፍሬኑ የተነገረው ብቸኛ ማስጠንቀቂያም ነበር። ቴስታታውን መክፈትም ቢሆን ያው ነው፤ ብዙ ገንዘብ ወጥቶ፣ ሞተሩ ተገጣጥሞ ሲያበቃ፣ በዚያው ቱቦ እንደገና ይንቀጠቀጥ ነበር።

የተሰነጠቀው ጫፍ ለጊዜው ተቆርጦ፣ ደኅናው ክፍል ተስቦ በብረት ማሰሪያ ታሰረ፤ አዲስ ቱቦ ከገዳሪፍ እስኪመጣ መኪናው ከግቢ እንዳይወጣ ሽማግሌው አዘዙ። የቀረች ቀላል መንቀጥቀጥ ነበረች። እሷን «ተዋት» አሏት። ለረጅም ጊዜ ክፍት ሆኖ የቆመ ቫልቭ መቀመጫው ላይ ስስ ዝገት ይይዛል፤ የፒስተን ቀለበትም በደረቀ ዘይት ይጣበቃል። ግማሽ ሰዓት ያህል በደንብ ሞቆ ሲሠራ አብዛኛውን ጊዜ ይለቃል። ካልለቀቀ የሲሊንደሩ እመቃ ይለካል፤ ስለ ቴስታታ የሚወራው ያን ጊዜ ነው። ለቀቀ።

ይህ ቅደም ተከተል የአንድ ሂሉክስ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ዓለም በሩን ሲዘጋ፣ መኪናቸው ወራት ቆሞ የተንቀጠቀጠባቸው ሰዎች በየአገሩ ነበሩ። በትግራይ ከ2013 ዓ.ም. ክረምት እስከ ፕሪቶሪያው ስምምነት፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ድረስ፣ ነዳጅ በመጥፋቱ ብዙ መኪና በየደጁ ከረመ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ ተራው የሱዳናውያን ሆነ፤ ገዳሪፍም እነሱን ተቀበለች።

ነዳጁን በኮምፒዩተር የሚለኩት አዳዲስ መኪናዎች አንድ የራሳቸው ጠባይ አላቸው። ባትሪ ሲሞት ወይም ሲፈታ የተማሩትን የሚኒሞ ልክ ይረሳሉ፤ ባትሪ በተገጠመ ዕለት ቢንቀጠቀጡ ሞተሩ ሞቆ ለጥቂት ጊዜ እስኪሠራ መታገሥ ይገባል። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ ስለዚህ በእሱ ላይ የሚጠረጠረው አስቀድሞ በነዳጅ መስመሩ የገባ አየር ነው፣ በእጅ ፓምፕ እየተገፋ ይወጣል። በናፍጣና በውኃ ድንበር ላይ የሚራባ ጥቁር አተላም አለ፤ ማጣሪያውን ይደፍናል። አየር ማጣሪያና ጭስ ማውጫ ግን በሁሉም ይታያሉ፤ አይጥና ተርብ ባዶ ቤት ሲያገኙ ባለቤቱን አይጠይቁም።

ሂሉክሱ የተሸጠበት ወሬ አልተሰማም። መካኒኩ ከመሄዳቸው በፊት ለሚቀጥለው ክረምት የሚሆነውን ነግረዋቸዋል። በየሳምንቱ ለሁለት ደቂቃ ማስነሣት ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል፤ ሞተሩ ሳይሞቅ ሲጠፋ በውስጡ ውኃ ይቀራል። የሚነሣ ከሆነ በደንብ እስኪሞቅ ይሥራ፤ ነዳጅ ከሌለ ጨርሶ ይተው። የሚተው ከሆነ ካርቡሬተሩ ይራገፍ፤ ቋቱ ወይ ጢም ይበል ወይ ባዶ ይሁን፣ ግማሽ አይቅር። የባትሪው ኔጋቲቭ ይፈታ። አክሰሉ በድንጋይ ተደግፎ ጎማዎቹ ከጭቃው ይነሡ። የጭስ ማውጫው በጨርቅ ይወተፍ፤ ጨርቅ እንዳለበትም በወረቀት ተጽፎ መሪው ላይ ይታሰር። ሚስቱ ወረቀቱን የጻፈችው በአማርኛ ነበር። ሽማግሌው ከሥሩ በዓረብኛ ደገሙት፤ በመስከረም መኪናውን የሚያስነሣው ማን እንደሚሆን አይታወቅምና።